ከጥንቸሊቱ በፊት ቤቷ

በእንጦጦ ተራራ ግርጌ፥ በጉለሌ፥ ከሽሮ ሜዳ ከፍ ብሎ በሚገኝ ሰፈር አንድ የ9 ዓመት ልጅ ነበረ። አባቱ ሸማኔ ነው። ይህ ልጅ በጓደኛው ቤት አንዲት ነጭ ጥንቸል አይቶ እጅግ ስለ ወደዳት፥ «ለእኔም ትገዛልኝ» እያለ አባቱን ጧትና ማታ ይለምነው ጀመር። አባቱም ሳይቈጣ ሰምቶ፥ «ልጄ፥ እኔ ድሩን ሳላሰናዳ መወርወሪያ አላነሣም። አንተም ጥንቸሊቱ የምታድርበትን፥ የምትበላውንና የምትጠጣውን አስቀድመህ ያዘጋጀህ እንደ ሆነ ያን ጊዜ እንገዛታለን» አለው።

ልጁ ይህ የአንድ ቀን ሥራ መሰለው። ከሱቅ የካርቶን ሣጥን ለምኖ፥ በጎኑ ቀዳዳ በስቶ፥ ከውስጡ አሮጌ ጨርቅ አንጥፎ ማታ ለአባቱ አሳየው። አባቱ ሣጥኑን በአንድ ጣቱ ገፋ ቢያደርገው ተገለበጠ። «ጅቡስ ሲመጣ በስንት ጣት ይገፋዋል?» አለው።

ልጁ አፈረ፤ አዘነም። ነገር ግን የአባቱ ነገር ትክክል ነበረ። ብዙ ሰው እንስሳውን አስቀድሞ ይገዛል፤ ማደሪያውን ኋላ ይፈልጋል። በውሻና በድመት ይህን ያደረገ እንደ ሆነ ጥፋቱ ቶሎ ይታረማል፤ ስለ ምን ቢሉ ውሻ ሲርበው ይጮኻል፥ ድመትም ሲበርዳት እግር ለእግር እየተከተለች ታላዝናለች። ጥንቸል ግን ዝምተኛ ናት። ወገኖቿ ሁሉ በዱር ሲታደኑ የኖሩ ናቸውና ሕመምን መደበቅ ተፈጥሮዋ ሆኗል፤ ከመንጋው መካከል የደከመውን አውሬ አስቀድሞ ያየዋልና። ስለዚህ ጥንቸል ቢርባት አትጮኽም፥ ቢበርዳት አታላዝንም፤ በጥግ ኩርምት ብላ ትቀመጣለች እንጂ። ያላወቀ ሰው ያን ጊዜ «ተኝታለች» ይላል። እርሷ ግን ግማሽ ቀን ያህል ምንም ሳትበላ የቆየች እንደ ሆነ ሆዷ ሥራውን ማቆም ይጀምራል፤ በማግሥቱም ሞታ ልትገኝ ትችላለች። በተረት ጥንቸል አንበሳን የምታታልል ብልኅ ናት፤ ዳሩ ግን የተረቷ ጥንቸል ትናገራለች፥ የቤቷ ጥንቸል አትናገርም።

ደግሞም ዕድሜዋ እንደ ዶሮ ዕድሜ አጭር አይደለም። በመልካም የተያዘች ጥንቸል ከ8 እስከ 12 ዓመት ትኖራለች። የ9 ዓመት ልጅ ዛሬ የሚቀበላት ጥንቸል፥ እርሱ ጢም ሲያቀምጥ ገና በጓሮው ሣር ትበላ ይሆናል። ልጁ ይህን በሰማ ጊዜ በጣቱ እየቈጠረ፥ «19 ዓመት ሲሆነኝ ማለት ነውን?» ብሎ ጠየቀ። አባቱም «አዎን፤ ያን ጊዜም ውኃዋን የምትቀዳ አንተ ነህ» አለው።

በአማርኛ ጥንቸል የሚለው ስም ለሁለት ልዩ ልዩ እንስሳት ይነገራል፤ ይህን ያልለየ ሰው ይሳሳታል። አንደኛዪቱ በሜዳና በቍጥቋጦ የምትኖር የዱር ጥንቸል ናት። ከዱር ጥንቸሎችም አንዱ ወገን ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በሌላ አገር አይገኝም። የዱር ጥንቸል ጕድጓድ አትቈፍርም፤ በሣር መካከል ትወልዳለች፤ ልጆቿም ጠጕር ለብሰው፥ ዐይናቸውን ገልጠው ይወለዳሉ። ሁለተኛዪቱ ሰዎች በቤት የሚያሳድጓት ጥንቸል ስትሆን፥ የዘሯ አገር በአውሮፓ በእስጳንያና በአካባቢዋ ነው። ይህች ጕድጓድ ትቈፍራለች፤ ልጆቿም ዕራቍታቸውን፥ ዐይናቸው ሳይገለጥ ይወለዳሉ፤ ዐይናቸውም የሚገለጠው ከ10 ቀን ያህል በኋላ ነው።

ስለዚህ አንድ ልጅ በተራራ ላይ ሲሄድ ብቻዋን የተኛች ትንሽ የዱር ጥንቸል ቢያገኝ፥ «እናት የላትም» ብሎ ወደ ቤቱ ማምጣት የለበትም። እናቲቱ አውሬ እንዳይከተላት ብላ ቀኑን ሙሉ ከልጆቿ ርቃ ትውላለችና፤ ፀሐይ ስትጠልቅ መጥታ ታጠባለች። ከዚያ የተወሰደች የዱር ልጅ በቤት አትለምድም፤ ብዙ ጊዜም በድንጋጤ ትሞታለች። ለቤት የምትሆን በቤት የተወለደችው ብቻ ናት።

የልጁ አያት ግን ነገሩን በሰሙ ጊዜ ደስ አላላቸውም። «ጥንቸል አትበላ፥ አትታለብ፥ አትጫን፤ ቤትም አትጠብቅ። ለምን ትቀለባለች?» አሉ። የአያቱ ነገር መሠረት አለው። ኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 11 ጥንቸልን ከማይበሉት እንስሳት ጋር ቈጥሯታል፤ ይህንም ሥርዐት በሚጠብቁ በብዙ የኢትዮጵያ ክርስቲያኖች ቤት ሥጋዋ ወደ ድስት አይገባም። ነገር ግን አለመብላት ሌላ ነው፥ መጥላት ሌላ ነው። አህያም አትበላም፤ ሆኖም የጉለሌን ዳገት የጤፍና የእንጨት ሸክም ተሸክማ ስትወጣ «ለምን ትኖራለች?» የሚል የለም። እንዲያውም ለዚህ ልጅ የሥርዐቱ ነገር መልካም ሆነለት፤ የሚወዳት ጥንቸል በዓል በመጣ ቍጥር እንደ በግ ትታረዳለች ብሎ አይሰጋምና።

«ጥንቸል ምን ትጠቅማለች?» ለሚለው ለአያቱ ጥያቄ ግን መልሱ ከዚያው ከጉለሌ አይርቅም። በጉለሌ «ፓስተር» ተብሎ የሚጠራ ስፍራ አለ። ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የሚባለው መሥሪያ ቤት በዚያ ይገኛል፤ ቀድሞ የፓስተር ኢንስቲትዩት ይባል ስለ ነበረ ስሙ በሰፈሩ ላይ ቀረ። ሉዊ ፓስተር የፈረንሳይ አገር ሊቅ ነው። በእርሱ ዘመን እብድ ውሻ የነከሰው ሰው በሽታው ከተነሣበት መድኀኒት አልነበረውም። ፓስተር በሽታውን ከጥንቸል ወደ ጥንቸል እያሻገረ መረመረ፤ ከዚያም በበሽታው የሞተችውን ጥንቸል ኅብለ ሰረሰር በጠርሙስ ውስጥ ሰቅሎ በደረቅ አየር ያደርቀው ነበር። ከቀን ወደ ቀን በደረቀ መጠን የበሽታው ኀይል እየደከመ እንደሚሄድ አገኘ።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1885 ዓመተ ምሕረት በሐምሌ ወር ዮሴፍ ማይስተር የሚባል ልጅ እብድ ውሻ ብዙ ቦታ ነክሶት እናቱ ወደ ፓሪስ አመጣችው። ልጁ የ9 ዓመት ልጅ ነበረ። ፓስተር እጅግ ከደከመው መድኀኒት ጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ ብርቱው እያሳደገ በ10 ቀን ያህል ውስጥ 13 ጊዜ እንዲወጋ አደረገ፤ ልጁም ዳነ፤ ባደገም ጊዜ በፓሪስ የፓስተር ኢንስቲትዩት ዘበኛ ሆኖ ኖረ። ለዚህ ሥራ ብዙ ጥንቸሎች ሞተዋል። አያትየው ይህን ከሰሙ በኋላ ዝም አሉ፤ በማግሥቱ ግን የተሰነጠቀ የሸክላ ጻሕል ከጓዳ አውጥተው፥ «እስቲ ይህ ለውኃዋ ይሆን እንደ ሆነ እዩት» አሉ።

ጻሕሉ ስለሚያፈስ አልሆነም፤ ነገር ግን አሳቡ መልካም ነበረ። ለጥንቸል ውኃ የሚሆነው ዕቃ ከባድ ሸክላ ነው፤ ቀላል የሆነውን ቆርቆሮና ፕላስቲክ በጥርሷ እያነሣች ትገለብጠዋለችና። 2 ኪሎ የምትመዝን ጥንቸል በቀን አንድ ብርጭቆ ያህል ውኃ ትጠጣለች። የቧንቧ ውኃ በሚቋረጥበት ቀን ሰው ጎረቤት ሄዶ ይለምናል፥ እርሷ ግን ስለማትለምን፥ ልጁ አንዲት ትንሽ ጀሪካን ለጥንቸሊቱ ብቻ ለይቶ አኖረ።

ከዚህ በኋላ የቤቱ ሥራ ተጀመረ። የሰፈሩ አናጢ ትርፍ ጣውላ ሰጣቸው። የጥንቸል ቤት ርዝመቱ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ለመዝለል፥ ቁመቱም በኋላ እግሮቿ ስትቆም ጆሮዋ ጣሪያውን እንዳይነካ ሆኖ ይሠራል። ይህም ማደሪያዋ ብቻ ነው፤ ለመዋያ ሌላ ቦታ ያስፈልጋታል። በእንግሊዝ አገር ያሉ የጥንቸል አዋቂዎች ለሁለት ጥንቸሎች ርዝመቱ 3 ሜትር፥ ወርዱ 2 ሜትር፥ ቁመቱ 1 ሜትር የሆነ ቦታ ይሻል ይላሉ። በጠባብ የጉለሌ ግቢ ይህን የሚያህል ቤት መሥራት ባይቻል፥ የጓሮው ጥግ ታጥሮላት በየቀኑ ብዙ ሰዓት ልትፈታ ይገባል። በጠባብ ሣጥን ተዘግታ የምትውል ጥንቸል እግሯና ወገቧ ይደክማል፤ ጠባይዋም ይከፋል። አጥሩም ወደ መሬት ውስጥ ጠለቅ ብሎ ይቀበር፤ ቈፋሪ ናትና።

የጉለሌ አየር ከሙቀት ይልቅ በብርዱና በርጥበቱ ይከብዳል። ሙሉ ጠጕር የለበሰች ጥንቸል ብርዱን ትችላለች፤ የማትችለው ርጥበትንና ነፋስን ነው። ስለዚህ ቤቷ በእግሮች ላይ ከመሬት አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ፥ ነፋስ በማይመታው ግድግዳ አጠገብ ተሠራ። ጣሪያው ለክረምቱ ዝናምና ለበረዶው ቆርቆሮ ሆነ፤ ነገር ግን ባዶ ቆርቆሮ በፀሐይ እንደ ምጣድ ስለሚግል ከሥሩ ጣውላ ተመታበት። ጥንቸል እንደ ሰው በላብ አትበርድም፤ ትኵሳቷን የምታወጣው በጆሮዎቿ ነው፤ ስለዚህ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ያለፈ እንደ ሆነ ትጨነቃለች።

ወለሉን ልጁ ሽቦ ሊያደርገው አሰበ፤ ኵበቷና ሽንቷ በቀዳዳው ይወርዳልና ለመጥረግ ይቀላል ብሎ። ይህ ግን ለጠራጊው ይቀላል እንጂ ለጥንቸሊቱ አይቀልም። የውሻና የድመት መዳፍ ከሥሩ ወፍራም ቆዳ አለው፤ የጥንቸል እግር ግን ከሥሩ ጠጕር ብቻ ስለ ሆነ በሽቦ ላይ የምትኖር እንደ ሆነ ይቈስላል። ወለሉ ጣውላ ሆነ፤ ፊቱ ብቻ በሽቦ ተሸፈነ። ሽቦውም ዶሮ የሚታጠርበት ቀጭኑ ሳይሆን፥ ወፍራምና ቀዳዳው ጠባብ የሆነው ተመረጠ፤ አይጥ በትልቁ ቀዳዳ ይገባል፥ ሸለምጥማጥም እጁን ይሰድዳል፥ ውሻም ቀጭኑን ይቀድደዋል።

ስለ ጅብ ግን ሽቦም ጣውላም አይታመንም። ከእንጦጦ የሚወርደው ጅብ አጥንት የሚሰብር መንጋጋ አለው፤ የአንድ ልጅ ቤት ምን ይሆንለታል? ባይሰብረው እንኳ ጥንቸል ከድንጋጤ ብቻ ልትሞት ትችላለች። ስለዚህ ቤቱ በጧትና በማታ ሁለት ሰው ሊሸከመው የሚችል ሆኖ ተሠራ፤ ሲመሽም ወደ ዕቃ ቤት ይገባል። ልጁ «ማድ ቤት ይሻላል፥ ይሞቃታል» ብሎ ነበር። እናቱ ግን፥ «ልጄ፥ እኔን እንኳ ጪሱ ያስለቅሰኛል» አለችው። ጥንቸል በአፍንጫዋ ብቻ የምትተነፍስ ናት፤ ጪስም የሽንትም ሽታ ሳንባዋን ይጐዳል።

ለምንጣፍ አናጢው ደስ የሚል ሽታ ያለው የጽድ ሰጋቱራ ሰጠው። ልጁ ተደስቶ ከረጢት ሞልቶ ይዞ መጣ፤ ይሁን እንጂ የሚሸት እንጨት ሁሉ፥ ጽድም ቢሆን፥ ለጥንቸል አይበጅም። ለሰው መዓዛ የሆነው ነገር ሌሊቱን ሙሉ በአፍንጫዋ ሥር ሲሆን ይመርዛታል። ሰጋቱራው ተመልሶ ለእሳት ሆነ፤ በምትኩም ንጹሕ የጤፍ ጭድ ተነጠፈ። ጭዱ በረጠበበት በየቀኑ ይነሣል፤ በሳምንት አንድ ቀን ሁሉ ይለወጣል። ይህ የተዘነጋ እንደ ሆነ በጅራቷ ሥር ባለው እድፍ ላይ ዝንብ ዕንቍላሏን ትጥላለች፤ ትሉም በአንድ ቀን ውስጥ ተፈልፍሎ ሥጋዋን በሕይወት ሳለች ይበላታል። ሲናገሩት የሚያስጠላ ነው፤ ነገር ግን ሰነፍ ጠባቂ የሚያመጣው ይህን ነው። የሚጠረገው ኵበት ግን አይጣልም፤ ለጓሮ ጎመን መልካም ማዳበሪያ ነው።

ቤቱ ካለቀ በኋላ ልጁ «እንግዲህ ትምጣ» አለ። አባቱ ግን፥ «ምን ልትበላ?» ብሎ ጠየቀው። ልጁም «ካሮት!» አለ። ይህ በሥዕል መጻሕፍት የተለመደ ስሕተት ነው። ካሮት ለጥንቸል እንደ ስኳር ነው፤ የአውራ ጣትን ጫፍ የሚያህል ቍራጭ አልፎ አልፎ ቢሰጣት ይበቃታል፤ ቅጠሉ ከሥሩ ይሻላታል። የጥንቸል እንጀራዋ ሣርና ድርቆሽ ነው። በየቀኑ የገዛ አካሏን የሚያህል ድርቆሽ በፊቷ ሊኖር ይገባል፤ ቀንም ሌሊትም እየቀነጠበች ትበላለችና።

ምክንያቱ በጥርሷና በሆዷ ነው። ጥንቸል 28 ጥርሶች አሏት፤ እነርሱም ዕድሜዋን ሁሉ ማደግ አያቆሙም። የፊተኞቹ በዓመት 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ያድጋሉ። ሻካራ ሣር ስታኝክ ይሞረዳሉ፤ ለስላሳ ነገር ብቻ የምትበላ እንደ ሆነ ግን እየረዘሙ ምላሷንና ጕንጯን ይወጋሉ፥ መብላትም ያቅታታል። ሆዷም ሣር ካልገባበት አይንቀሳቀስም። ማስመለስ ስለማትችል የበላችውን ክፉ ነገር መልሳ ልታወጣው አትችልም። ስለዚህ ዳቦ፥ እንጀራ፥ ብስኩት ለእርሷ ምግብ አይደሉም። አያቶች ርኅራኄ ይዟቸው የሚጥሉላት ቍራሽ እንጀራ ነው ብዙውን ጊዜ ሆዷን የሚነፋው።

ልጁ ድርቆሽ ለማዘጋጀት ጊዜው ቀንቶት ነበር፤ ጥቅምት ገብቶ፥ ዝናም አቁሞ፥ ሣር የሚታጨድበት ወራት ነበረና። ከጓሯቸውና ከአጥሩ ሥር አጭዶ፥ በጥላ አጠገብ በነፋስ እያገላበጠ አደረቀ። መልካም ድርቆሽ አረንጓዴነቱን ጨርሶ አይለቅም፤ ሲያሸቱት ደስ ይላል። ጥቁር ነጥብ ያለበት፥ ሲያራግፉት አቧራ የሚወጣው ሻጋታ ነውና ይጣላል። የልጁ ድርቆሽ የመጀመሪያው ክምር ሳይደርቅ ተከምሮ ስለ ነበር ከውስጡ ሞቆ ሻገተ፤ ልጁም እያለቀሰ ጣለውና እንደ ገና አጨደ። ያነሰውን ከገበያ ገዙ። ሣር ከመንገድ ዳር አይታጨድም፤ የመኪና ጪስና የውሻ ሽንት አለበት።

ከድርቆሹ ጋር በየቀኑ አንድ ሁለት እፍኝ ትኵስ ቅጠል ይሰጣታል፤ ይኸውም እንደ ሰላጣ፥ እንደ ካሮት ቅጠል፥ በጥቂቱም እንደ ጎመን ያለው ነው። በሣር መካከል የሚበቅለው ማገጥ ትወደዋለች፤ ነገር ግን ከበዛ ሆዷን ይነፋዋል። አዲስ ቅጠል ሁሉ አንድ በአንድ፥ በጥቂት በጥቂቱ ይለመድ። የድንችና የቲማቲም ቅጠል፥ ቀይና ነጭ ሽንኩርት፥ አቮካዶ ይጐዷታል። በየአጥሩ ሥር የሚበቅሉት ጉሎና አጤ ፋሪስ ግን መርዝ ናቸው፤ ልጁም በጥንቸሊቱ ጓሮ የነበረውን አንድ የጉሎ ዛፍ ከአባቱ ጋር ከሥሩ ነቀለው።

አንድ ነገር ደግሞ ያላወቀ ሰው ሊያስደነግጥ ይችላል። ጥንቸል ሁለት ዐይነት ኵበት አላት። አንደኛው ደረቅና ክብ፥ ሽምብራ የሚያህለው ነው። ሁለተኛው ለስላሳ ሆኖ እንደ ወይን ዘለላ የተያያዘ ነው፤ ይህንንም በሌሊት ወይም በማለዳ ራሷ ከጅራቷ ሥር ወስዳ ትበላዋለች። ይህ ርኵሰት ወይም ረኀብ አይደለም። ላም የበላችውን ሣር መልሳ እንደምታመሰኳ፥ ጥንቸልም ሣሩን ሁለት ጊዜ በሆዷ በማሳለፍ ኀይሉን ሁሉ ታወጣዋለች። ከዚህ የተከለከለች እንደ ሆነ ትከሳለች።

አሁን የቀረው ምርጫው ነበረ። ጥንቸል ብቻዋን መኖር አትወድም፤ ወገን ያላት ጥንቸል ደስተኛ ናት። ዳሩ ግን ወንድና ሴት አብረው የተገዙ እንደ ሆነ፥ አምስት ወር ሳይሞላቸው ይራባሉ። ሴቲቱ 31 ቀን ያህል አርግዛ በአንድ ጊዜ ከ4 እስከ 10 ልጆች ትወልዳለች፤ በወለደችም ዕለት እንደ ገና ልታረግዝ ትችላለች። እንዲህ ሲበዛ ጊዜ፥ «ወደ ጫካ እንልቀቃቸው» የሚል ምክር ይመጣል፤ ይህም ክፉ ምክር ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1859 ዓመተ ምሕረት ቶማስ ኦስቲን የሚባል ሰው በአውስትራልያ 24 ያህል ጥንቸሎችን ለአደን ብሎ ለቀቀ። እነርሱም በዝተው አገሩን ሞሉት፥ የበጎችንም ሣር ጨረሱ። በምዕራብ አውስትራልያ ከ1901 እስከ 1907 ድረስ ከ3000 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ አጥር ሠሩባቸው፤ ጥንቸሎቹ ግን አለፉት። በእንጦጦ የተለቀቀችው ጥንቸል ምናልባት ያን ያህል ሳትበዛ የጅብ እራት ትሆናለች፤ ይህም በቤት ላሳደጋት ሰው መጽናኛ አይሆንም። ስለዚህ ከአንድ እናት የተወለዱ ሁለት እኅትማማች መግዛት ይሻላል፤ ወይም ወንዱን የእንስሳት ሐኪም ያኮላሸዋል። ሻጭ «ሁለቱም ሴት ናቸው» ቢል በቃሉ ብቻ አይታመንም፤ በልጅነታቸው ለመለየት አስቸጋሪ ስለ ሆነ ራሱ ሻጩም ይሳሳታልና።

የምትገዛው ጥንቸል ከ8 ሳምንት በታች አትሁን፤ ከእናቷ ቶሎ የተለየች ትታመማለች። ዐይኗ የጠራ፥ አፍንጫዋ የደረቀ፥ ጆሮዋ ከቅርፊት የነጻ፥ የጅራቷም ሥር ንጹሕ መሆኑ ይታያል። ስትወሰድም እንደ ዶሮ እግሯ ታስሮ ቍልቍል አትንጠለጠል፤ በጆሮዋም አትነሣ። አጥንቷ ቀላል ነው፤ ፈርታ በኋላ እግሮቿ በኀይል የረገጠች እንደ ሆነ የገዛ ወገቧን ልትሰብር ትችላለች። አንድ እጅ ከደረቷ በታች፥ ሌላው እጅ ከኋላዋ በታች ሆኖ ወደ ደረት ተጠግታ ትያዛለች። ትንሽ ልጅ ደግሞ መሬት ላይ ተቀምጦ ይያዛት፤ ብትወድቅም ከሩቅ እንዳትወድቅ።

በኅዳር ወር በአንድ ቅዳሜ ሁለት ነጫጭ እኅትማማች ክዳን ባለው ቅርጫት፥ ድርቆሽ ተነጥፎላቸው መጡ። ልጁ ወዲያው ሊያቅፋቸው ወደደ። አባቱ ግን፥ «ዛሬ እንግዶች ናቸው፤ እንግዳ በደጅ ሳለ ይታቀፋልን?» አለው። በአዲስ ስፍራ ያለች ጥንቸል ሁሉን ትፈራለች፤ በኋላ እግሯ መሬቱን ስትመታ «አደጋ አለ» ማለቷ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ሰው አይነካቸውም፤ በአጠገባቸው ዝም ብሎ ይቀመጣል እንጂ፥ እነርሱ ራሳቸው እስኪመጡ ድረስ። መምጫቸውም ጧት በማለዳና ፀሐይ ስትጠልቅ ነው፤ ጥንቸል የምትነቃው በእነዚህ ሰዓቶች ነውና። ለተማሪ ይህ ተስማሚ ሆነ፤ ከትምህርት በፊትና ከትምህርት በኋላ።

ልጁ በዚያ ማታ ከዕቃ ቤቱ ደጃፍ በበርጩማ ላይ ተቀምጦ ቆየ። ጥንቸሎቹ በጭዱ ጥግ ተጣብቀው አልተንቀሳቀሱም፤ ድርቆሹንም አልነኩም። ልጁ ፈራ፤ እናቱ ተኛ እስክትለው ድረስ አልተነሣም። ሌሊቱን ሁለት ጊዜ ነቃ። ጎሕ ሲቀድ ባዶ እግሩን ሮጦ በሩን በቀስታ ከፈተ። ጻሕሉ ጎድሎ ነበር፤ የድርቆሹም ክምር ወደ ግማሽ ወርዶ፥ በጣውላው ላይ ሽምብራ የመሰለ ደረቅ ክብ ኵበት ተበትኖ ነበር። አንደኛዪቱ አንዲት የሣር ዘንግ በአፏ ይዛ ወደ እርሱ ተመለከተች፥ ማኘኳንም አላቆመችም። አባቱ ጧት ማልዶ ሸማውን ሊሠራ ከጕድጓዱ ተቀምጦ ነበር። ልጁም «አባባ፥ በልተዋል!» ብሎ ተጣራ። አባቱም መወርወሪያውን አኑሮ ሊያይ መጣ።